ብርቱካናማ ወተት ያለው እንጉዳይ ከነዛፉ



«እንጉዳይ ምንድን ነው?» ተብሎ ክፍል ውስጥ ቢጠየቅ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው። ክረምት ሲገባ በበሰበሰ ግንድና በፍግ ላይ ብቅ የሚል፣ አረንጓዴ ቅጠል የሌለው፣ የሞተ ነገር እየበላ የሚኖር ፍጥረት ነው እንላለን። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ይህችን ግማሽ ብቻ ይዞ ክፍል የሚገባ መምህር ሁለት ጥያቄ ሲመጣበት ይቸገራል። አንዱ ልጅ ከሜዳ የነቀለውን ይዞ ይመጣና «ቲቸር፣ ይኼ ይበላል እንዴ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ለምንድን ነው እዚያኛው ዛፍ ሥር ወጥቶ እዚህኛው ሥር የማይወጣው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ የማይገናኙ ይመስላሉ። ለብዙ የደን እንጉዳዮች ግን ሁለቱንም ለመመለስ መነሻው አንድ ነው፤ ዛፉን ማወቅ። ለዚህ ዕትም የመረጥነው እንጉዳይ ይህን ነገር ከብዙዎቹ ይልቅ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው።

ሳይንሳዊ ስሙ ላክታሪየስ ዴሊሲዮሰስ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል በላቲን «ወተት» ከሚለው የወጣ ሲሆን ሁለተኛው «ጣፋጭ» ማለት ነው። ጣፋጭ የሚለውን ቅጽል የሰጠው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው፤ በ1753 ባሳተመው የዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልብ በሉ፣ መጽሐፉ የዕፅዋት ነው። በዚያን ጊዜ እንጉዳይ ከተክል ወገን ይቆጠር ነበር። ፈንገሶች የራሳቸው ስፍን ይገባቸዋል የሚለው ሐሳብ በመማሪያ መጻሕፍት ሥር የሰደደው አሜሪካዊው ሮበርት ዊቴከር በ1969 ባለ አምስት ስፍን አመዳደቡን ካቀረበ በኋላ ነው። እንጉዳይ ምግቡን ከፀሐይ ብርሃን አይሠራም፤ የሕዋሱ ግድግዳም እንደ ተክል ከሴሉሎስ ሳይሆን የነፍሳት ቅርፊት ከሚሠራበት ከካይቲን ነው። በዘር ሐረግ ሲታይ እንዲያውም ከተክል ይልቅ ለእንስሳት ይቀርባል። ይህን ሲሰሙ የሚስቁ ተማሪዎች አይጠፉም፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

የእንጉዳዩ አገር አውሮፓ ነው። ስፔኖች ኒስካሎ፣ ካታላኖች ሮቬዮ፣ ፖላንዶች ሪድዝ፣ ሩሲያውያን ደግሞ ቀይ ዳማ ከሚለው ቃላቸው አውጥተው ሪዢክ ይሉታል። ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰውና ቅዝቃዜው ገና ሳይበረታ፣ ቅርጫት የያዘ ሰው ጫካ ለጫካ ሲዞር ይውላል። በካታሎኒያ ነጭ ሽንኩርትና ፐርስሊ ነስንሰው፣ የወይራ ዘይት አፍስሰው በፍም ላይ ይጠብሱታል። ሩሲያውያን በጨው አሽተው በማሰሮና በበርሜል ለክረምት ያስቀምጡታል። በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በ79 ዓመተ ምሕረት ከተቀበረችው ከሄርኩላኒየም ከተማ የተገኘ የግድግዳ ሥዕል አለ፤ ብርቱካናማ እንጉዳዮች ይታዩበታል፣ ይኸው የኛ እንጉዳይ ነው የሚሉም ብዙ ናቸው። መልኩ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የተሣለ እንጉዳይ ሲቆረጥ ወተት አያወጣምና ነገሩን እዚያው ብንተወው ይሻላል።

መልኩን እንግለጽ። ቆቡ ሲወጣ ድቡልቡል ነው፤ እየሰፋ ሲሄድ መሐሉ ይሰረጉድና እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ይሆናል። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀለሙ የካሮት ሲሆን በላዩ ላይ ጠቆር ያሉ ቀለበቶች አሉ፤ ጠጠር የተጣለበት ኩሬ እንደሚያወጣው ክብ በክብ ሆነው ይታያሉ። ከቆቡ ሥር ያሉት ሽንሽኖች ቀጫጭንና የተጠጋጉ ናቸው፤ በእግሩም ላይ ጥቂት ወረድ ይላሉ። እግሩ አጭር ነው፣ ሲጎለምስ ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ ላዩም ጠቆር ባሉ ትንንሽ ጉድጓዶች ተጠቃጥቆ ይታያል። ሥጋው እንደ ሌሎች እንጉዳዮች በክር በክር አይላጥም፤ እንደ ጠመኔ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ይህ የቤተሰቡ ምልክት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በክሮቹ መካከል ድብልብል ሕዋሳት ታጭቀውበት ስለሚገኙ ነው እንደዚያ የሚሰበረው።

ከተሰበረበት ቦታ የሚወጣው ወተት ካሮት ተፈጭቶ የተጨመቀ ይመስላል። የተነካው ወይም የቆሰለው ቦታ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ አረንጓዴ ይሆናል። የማያውቀው ገዢ «ሻገተ» ብሎ ይተወዋል፤ የሚያውቀው ግን በዚሁ አረንጓዴ ይለየዋል። እንጉዳዩን የበላ ሰው ሽንቱ ቀላ ሊል ይችላል፤ ቀለሙ አልፎ ወጥቶ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ይህን ሳይነገራቸው በልተው በማግሥቱ የሚደነግጡ ሰዎች አሉ።

እስካሁን ያልነውን ሁሉ ተማሪ በቃሉ ሊያጠና ይችላል። ዋናው ግን ገና ነው።

ይህ እንጉዳይ የሚኖረው በፓይን ዛፍ ሥር ነው። «ፓይን» ያልነው ፈረንጅኛ ወደን አይደለም። በመዝገበ ቃላትና በትርጉም መጻሕፍት ፓይኑም ጥድ፣ ስፕሩሱም ጥድ፣ ፈሩም ጥድ እየተባለ ስናይ ኖረናል። የኛ ጥድ ግን ከነዚህ የአንዱም አይደለም፤ ሳይንሱ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ የሚለው፣ የሌላ ቤተሰብ ዛፍ ነው። ለልብ ወለድ ትርጉም ልዩነቱ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ለእንጉዳይ ግን ይጎዳል፤ ምክንያቱም እንጉዳዩ ዛፎቹን አይቀላቅላቸውም።

እስቲ ዘመዶቹን እንመልከት። በስፕሩስ ዛፍ ሥር ላክታሪየስ ዴተሪመስ የሚባለው ይበቅላል። ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው፤ ብርቱካናማ ቆብ፣ ብርቱካናማ ወተት። ግን ወተቱ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል፣ እግሩ ላይ ጉድጓዶቹ የሉም ማለት ይቻላል፣ ጣዕሙም መረር ይላል። በፈር ዛፍ ሥር ደግሞ ላክታሪየስ ሳልሞኒከለር የተባለ ሌላ አለ። ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ስንወርድ በፓይን ሥር ወተቱ ከመጀመሪያው እንደ ደም የቀላ፣ ላክታሪየስ ሳንጊፍሉየስ የሚሉት ይገኛል። ካታላኖች ከ«ጣፋጩ» ይልቅ እሱን ያስበልጣሉ፤ ሊኔየስ ጣፋጭ ያለው የትኛውን ቀምሶ ነው ብለው የሚቀልዱም አሉ። በበርች ዛፍ ሥር የሚወጣው ላክታሪየስ ቶርሚኖሰስ ደግሞ ሮዝማ ሆኖ የቆቡ ጠርዝ ጸጉራም ነው፤ ወተቱ ነጭና እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥል ሲሆን ጥሬውን የበላውን ሰው ያስመልሳል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። አስገራሚው ነገር ፊንላንዶች ይህንኑ ቀቅለው፣ ውሃውን ደፍተው፣ በጨው ካቆዩት በኋላ ይበሉታል፤ በሌሎች አገሮች መጻሕፍት ግን ከመርዘኞች ተርታ ተመዝግቧል።

እንግዲህ አውሮፓዊው ለቃሚ እንጉዳዩን ከማንሣቱ በፊት ለምን ቀና ብሎ ዛፉን እንደሚያይ ገባን ማለት ነው። ስፕሩስ ብቻ ባለበት ደን ውስጥ ቆሞ «ዴሊሲዮሰስ አገኘሁ» የሚል ሰው እንጉዳዩን ሳይሆን ዛፉን ነው የሳተው። በዘር ቅንጣት፣ ማለትም በዲ ኤን ኤ፣ የተደረጉ ጥናቶችም ይህን አጠናክረዋል፤ በሰሜን አሜሪካ ለረጅም ጊዜ በዚሁ ስም ሲጠሩ የኖሩት ብርቱካናማ እንጉዳዮች የተለያዩ ሌሎች ዝርያዎች መሆናቸው ታውቋል።

ዛፉና እንጉዳዩ ምን አገናኛቸው? ታሪኩ የሚጀምረው በስህተት መንገድ ነው ማለት ይቻላል። በ1880ዎቹ የፕሩሲያ መንግሥት ትራፍል የሚባለውን፣ ከመሬት በታች የሚያፈራውንና በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ፈንገስ በአገሩ ለማልማት ፈለገ። ጉዳዩን እንዲያጠና አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ የተባለውን የዕፅዋት ሊቅ አዘዘ። ፍራንክ ትራፍሉን ማልማት አልቻለም። ነገር ግን የዛፎቹን ሥር ሲመረምር ጥቃቅን ጫፎቻቸው በፈንገስ ክር ተሸፍነው አገኛቸው፤ ዛፎቹ ደግሞ ጤነኞች ነበሩ። በ1885 ይህን ጥምረት «ማይኮራይዛ» ብሎ ሰየመው፤ ከግሪክ ሁለት ቃላት የተገጠመ ሲሆን የፈንገስ ሥር ማለት ነው። ፈንገሱ ዛፉን እንደሚመግብ ሲጽፍ የዘመኑ ሊቃውንት ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። ፈንገስ ሲባል ዋግና አረማሞ ነው የሚታወቀው፤ ጥገኛ እንጂ ረዳት ይሆናል ብሎ ማን ያስብ?

ማስረጃው ቀስ እያለ መጣ። ስዊድናዊው ኤሊያስ ሜሊን በ1920ዎቹ የፓይን ችግኝንና ፈንገስን ከሌላ ሕይወት ሁሉ በጸዳ ብልቃጥ ውስጥ አንድ ላይ አሳድጎ ማይኮራይዛው በዓይኑ ፊት እንዲፈጠር አደረገ። ከዚያም ከሥራ ባልደረባው ከኒልሶን ጋር ሆኖ ጨረር የሚሰጥ ፎስፈረስ ለፈንገሱ ክር ሰጠና ጨረሩን በችግኙ ውስጥ አገኘው፤ ይህ በ1950 ነው። በ1957 ደግሞ በተቃራኒው በቅጠሉ በኩል ያስገባው ጨረራማ ካርቦን ወርዶ ፈንገሱ ውስጥ ተገኘ። እዚህ ላይ ክርክሩ ተዘጋ። አንዱ ማዕድን ይሰጣል፣ ሌላው ስኳር ይከፍላል።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። የፈንገሱ ክር ከሥር ጸጉር በብዙ እጅ የቀጠነ ስለሆነ የዛፍ ሥር ሊገባበት በማይችለው የአፈር ቀዳዳ ሁሉ ይገባል፤ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ፈልጎ ያመጣል፣ ውሃም ይጨምራል። ከሥሩ ጫፍ ሲደርስ እንደ ካልሲ ያለብሰዋል። ከካልሲው ውስጥ ደግሞ በሥሩ ሕዋሳት መካከል፣ ሕዋሶቹን ሳይበሳ፣ መረብ ዘርግቶ ይገባል፤ የመረቡ ስም በጀርመናዊው የደን ሊቅ በቴዎዶር ሃርቲግ ተሰይሟል። ልውውጡ የሚካሄደው እዚህ መረብ ላይ ነው። ዛፉ በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ለፈንገሶቹ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ተብሎ ይገመታል። ቀላል ግብር አይደለም! ከመሬት በላይ የምናየው ብርቱካናማ ቆብ ታዲያ በዚህ ግብር የተሠራ የዘር መበተኛ ነው፤ ፈንገሱ ራሱ ዓመቱን ሙሉ ከመሬት በታች ነው የሚኖረው።

አንዳንድ ጽሑፎች ከዚህም አልፈው ዛፎች በፈንገስ ክር ይነጋገራሉ፣ እናት ዛፍ ልጆቿን ታጠባለች እስከማለት ደርሰዋል። መነሻቸው በ1997 በካናዳ በሱዛን ሲማርድና በባልደረቦቿ የተደረገ፣ ካርቦን ከበርች ወደ ዳግላስ ፈር ዛፍ መሻገሩን ያሳየ ጥናት ነው። ጥናቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን በ2023 ሌሎች ተመራማሪዎች በዱር ደን ውስጥ ለዚህ ሁሉ አባባል ያለው ማስረጃ ከወሬው ያነሰ መሆኑን በዝርዝር አሳይተዋል። በክፍል ውስጥ ልውውጡን እንደ ተረጋገጠ፣ «ንግግሩን» ደግሞ እንደ ክርክር ብናስተምር ትክክል ነው እንላለን።

ልውውጡ ለዛፉ ምን ያህል የሕልውና ጉዳይ እንደሆነ የታወቀው ፓይን ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ነው። ከምድር ወገብ በስተደቡብ፣ ከሱማትራ ደሴት አንዲት ክፍል በስተቀር፣ በተፈጥሮ የበቀለ ፓይን የለም። በአፍሪካም ቢሆን በሰሜኑ ጫፍ በሞሮኮ፣ በአልጀሪያና በቱኒዚያ አካባቢ እንጂ ከሰሐራ በታች አልነበረም። አውሮፓውያን ወደ አውስትራሊያና ወደ አፍሪካ ዘሩን ወስደው ችግኝ ጣቢያ ሲያቋቁሙ በብዙ ቦታ ችግኙ በቀለ፣ ቢጫ ሆነ፣ ቀጨጨ፣ ሞተ። ማዳበሪያ እጥረት ነው ተባለ፤ አፈሩ ነው ተባለ። በምዕራብ አውስትራሊያ ኬሰል የተባለ የደን ባለሙያ በ1927 እንደጻፈው መድኃኒቱ ጤነኛ ፓይን ከቆመበት ሥፍራ አፈር አምጥቶ በችግኙ ሥር መጨመር ሆነ። አፈሩ ውስጥ የነበረው ታዲያ ሌላ ሳይሆን ፈንገሱ ነው። ዘር ብቻውን ተጉዞ ነበር፤ ባልንጀራው ቀርቶበት።

የኛም እንጉዳይ በዚሁ መንገድ፣ ከችግኝ ሥርና ከአፈር ጋር ተጣብቆ፣ ባሕር ተሻገረ። ዛሬ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድ፣ በደቡብ አፍሪካና በቺሊ በሰው እጅ በተተከሉ የፓይን ደኖች ውስጥ ይገኛል። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ በኦበሮን አካባቢ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ሰው ቅርጫቱን ይዞ ይወጣል፤ እዚያ ወቅቱ ተገላቢጦሽ ነውና። ልማዱን ካስፋፉት መካከል ከፖላንድና ከጣሊያን የመጡ ስደተኞች ይገኙበታል። አገራቸውን ትተው መጥተው ከአገራቸው እንጉዳይ ጋር ባዕድ መሬት ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ዕውቀታቸውም እንዳለ ሠራላቸው፤ ዛፉ ያው፣ እንጉዳዩም ያው ስለሆነ።

በዚሁ መንገድ ግን ሞትም ተጉዟል። አማኒታ ፋሎይድስ የተባለው፣ በእንግሊዝኛ «የሞት ቆብ» የሚሉት እንጉዳይ እንደኛው የዛፍ ተጓዳኝ ነው፤ በአውሮፓ በተለይ ከኦክ ዛፍ ጋር ይኖራል። ኦክ ለጥላና ለውበት ሲወሰድ እሱም አብሮ ተወሰደ፤ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ አውስትራሊያ። ቆቡ ወደ አረንጓዴ ያደላ ፈዛዛ፣ ሽንሽኑ ነጭ፣ እግሩ ላይ ቀለበት ያለው፣ ሥሩ ላይ ከረጢት የመሰለ ነገር ያቀፈው ነው። በ2012 መባቻ በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ ሁለት ሰዎች ይህን በልተው ሞተዋል። በአውስትራሊያም ሆነ በአሜሪካ ከእስያ የመጡ ስደተኞች በተደጋጋሚ ተጎድተውበታል፤ በአገራቸው የሚበሉት የገለባ እንጉዳይ በልጅነቱ ይህኑ ይመስላልና። የፖላንዱንና የእስያውን ስደተኛ አስተያዩ። ሁለቱም የአገራቸውን ዓይን ይዘው ነው የመጡት። አንዱን ዓይኑ አበላው፤ ሌላውን ዓይኑ ገደለው።

የዚህ መርዝ ክፋቱ ደግሞ ጣዕም የለውም፤ ቢቀቀል አይጠፋም፣ ቢደርቅ አይጠፋም። የበላው ሰው ከ6 ሰዓት በላይ፣ ብዙ ጊዜም እስከ 12 ሰዓት ድረስ ምንም ላይሰማው ይችላል። ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል፤ ቆይቶም የተሻለው ይመስላል። ጉበቱ የሚፈርሰው እንግዲህ በዚያ «ተሻለኝ» በሚልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ እንጉዳይ በልቶ ሰዓታት ቆይቶ ያስመለሰው ሰው ቢሻለውም ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፤ ከተረፈው እንጉዳይ ቁራጭ ይዞ ቢሄድ ደግሞ ሐኪሙን ይረዳል። በየአገሩ የሚነገሩት «መለያዎች»፣ ማለትም አብሮ የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርት ወይም የብር ማንኪያ ካልጠቆረ ደኅና ነው፣ ትል የበላው ለሰውም ይሆናል፣ ቆዳው ከተላጠ አይገድልም የሚባሉት ሁሉ ከንቱ ናቸው። የሞት ቆብ ማንኪያ አያጠቁርም፣ ትልም ይበላዋል፣ ቆዳውም ይላጣል።

«ይኼ ይበላል?» ላለው ልጅ እንግዲህ ምን እንበለው? «እንጉዳይ» የአንድ ነገር ስም አይደለም፤ «ሣር» ብሎ እንደመጥራት ነው። የምንለው ይህ ነው፤ የዝርያውን ስም፣ የበቀለበትን ዛፍና የሚመስሉትን መርዘኞች የማያውቅ ሰው አይበላም፣ አያበላም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ውስጥ እንደሚኖሩት እንደ ማጃንግ ሕዝቦች ያሉ፣ የአካባቢያቸውን እንጉዳይ በየስሙ ለይተው ሲበሉ የኖሩ ወገኖች አሉን። ዕውቀታቸው የተከበረ ነው፤ ግን እሱም የዚያ ጫካ ዕውቀት ነው።

ሌላ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይህን ያህል ከተወደደ ለምን እንደ ሌሎቹ በቤት ውስጥ አያመርቱትም? የኦይስተር እንጉዳይ በገለባ ላይ ይለማል፤ ባለ ነጭ ቆቡ የገበያ እንጉዳይ በብስባሽ ላይ። ሁለቱም የሞተ ነገር ተመጋቢዎች ናቸው። ላክታሪየስ ዴሊሲዮሰስ ግን ገለባ ቢከምሩለት ምን ሊያደርገው? ስኳር የሚከፍለው ሕያው ዛፍ ይፈልጋል። ስለዚህ ማልማት ማለት ደን መትከል ማለት ነው። ፈንገሱን በፓይን ችግኝ ሥር ላይ አስይዘው ይተክላሉ፤ ከዚያ ይጠብቃሉ። ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች እንዲህ ከተተከሉ ችግኞች ሜዳ ላይ እንጉዳይ ማግኘታቸውን በ1984 አስታውቀዋል፤ ኒውዚላንድም በኋላ በራዲያታ ፓይን ተሳክቶላታል። ሆኖም እስካሁን ገበያ ላይ የሚወጣው አብዛኛው ከዱር የተለቀመ ነው።

ወደ አገራችን ዛፎች ስንመለስ የቃሉ ጉዳይ እንደገና ይመጣል። ጥዳችንና ዝግባችን መርፌም ሆነ ቅርፊት መሰል ቅጠል ያላቸው፣ ከፓይን ጋር በአንድ ትልቅ ክፍል የሚመደቡ ዛፎች ናቸው። ፈንገስ ግን የሚይዙት ሌላ ነው። የሥራቸው ፈንገስ ካልሲ አያለብስም፤ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ዘልቆ ገብቶ እንደ ቁጥቋጦ ይቀረነጫጫል፣ አርበስኩላር ማይኮራይዛ ይባላል። ከመሬት በላይ እንጉዳይ የማያወጣ፣ ስፖሩን እዚያው አፈር ውስጥ የሚያፈራ፣ ከካልሲው ዓይነት በብዙ የቀደመ ጥምረት ነው። ከሜክሲኮ አካባቢ የመጣው የፈረንጅ ጥድም እንደዚሁ። ቡናው፣ ጤፉና በቆሎውም የዚሁ ማኅበር ናቸው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት ይይዛል። እንግዲህ ከኛ ጥድ ሥር ላክታሪየስ ዴሊሲዮሰስን የሚፈልግ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢፈልግ አያገኘውም። ከጥድ ሥር እንጉዳይ አይወጣም ማለታችን አይደለም፤ የሚወጣው ግን ግንድና ቅጠል የሚያበሰብሰው ዓይነት ነው።

በአገራችን የተተከለው ፓይን፣ በተለይ ከሜክሲኮ የመጣው ፓትዩላ፣ ሌላ ነገር ነው። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ በተተከለ የፓትዩላ ደን ውስጥ ያሉትን እንጉዳዮች መዝግቧል። አብዛኞቹ አበስባሾች ሆነው ተገኙ፤ የዛፉ ተጓዳኞች ጥቂት ናቸው። ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ሱዊለስ ሉቴየስ ነበር፤ እሱም ቺሊና አውስትራሊያ ከፓይን ጋር የገባው፣ በአውሮፓ ፓይን ሥር የሚታወቀው፣ ከሽንሽን ይልቅ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ እንጉዳይ ነው። ማንም እንጉዳይ ልትከል ብሎ አላመጣውም።

በአካባቢው የፓይን ዛፍ ያለበት የትምህርት ቤት ግቢ ለመልመጃ የሚደርስ ዕጩ መምህር ይህን ያለ ማይክሮስኮፕ ማሳየት ይችላል። በመጀመሪያ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ ይብቀልና ልጆቹ ጸጉራሙን ሥር ይዩ። ከዚያ ከፓይኑ ሥር የረገፈውን መርፌ ገለጥ አድርጎ፣ ከላይኛው አፈር ክር የሚያካክሉትን ሥሮች ቆርጦ ማውጣት ነው። በሳሕን ውሃ ቀስ አድርጎ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ከቧንቧ ሥር ካደረጉት ጫፎቹ ይበጣጠሳሉ። በማጉያ መነጽር ሲታዩ አጫጭር ጫፎቻቸው እንደ ሹካ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተቀንጥበዋል፣ ወፈር ብለዋል፣ ጸጉርም የላቸውም፤ ካልሲያቸውን ለብሰዋላ። ቀለማቸው ነጭ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ የሌላ ፈንገስ ልብስ በመሆኑ ነው። በአውሮፓ ደን ከላክታሪየስ ዴሊሲዮሰስ ጋር የተጎዳኘው ጫፍ ብርቱካናማ ነው፤ ሲያረጅም ልክ እንደ ቆቡ አረንጓዴ ይላል።